«ይቅደሙ» ተብዬ ያስፈጨሁት ስንዴ

በአንዲት የእህል ቅንጣት ውስጥ የሰውን ጉልበት የሰወረ፣ ቸርነቱንም በቁና ሰፍሮ የማይሰጥ እግዚአብሔር ስሙ ከፍ ከፍ ይበልና፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ዱቄት ነው። ስለ ታላላቅ ነገር የሚጽፉ ታላላቅ ሰዎች አሉ። እኔ ዕድሜዬን በጉለሌ ፊደል ሳስቆጥርና ዜማ ሳስጠና የጨረስሁ ሽማግሌ ነኝና ከእኔ የሚጠበቀው፣ ከገዛ ሞኝነቴ ያተረፍሁትን ትምህርት ሳልሰስት ማካፈል ነው። በዚህ በኩል እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኻ አይደለሁም።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነበር፤ ስኳር በተራ፣ ሳሙና በተራ፣ ዱቄትም በተራ የሚገኝበት። ሰው ሰልፍ ባየ ቁጥር መጀመሪያ ይሰለፍና ምን እንደሚሸጥ ኋላ ይጠይቅ ነበር። እኔም አንድ ቀን ስኳር መጣ ብዬ አንድ ሰዓት ከቆምሁ በኋላ ሰልፉ የክትባት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የቆምሁበት እንዳይባክን ብዬ ተከተብሁ። ይህ ግን ሌላ ወግ ነው።

ባለቤቴ ወይዘሮ አስካለ በሰፈራችን የማርያም ጽዋ ማኅበር ካሉት ዐሥራ ሁለት ማኅበርተኞች አንዷ ናት። እኔ በዚያ ማኅበር ዘንድ የእርስዋ ባል ከመሆን በቀር ሌላ ማዕረግ የለኝም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጥር ማርያም፣ ተራዋ ሲደርስ ማኅበሩን በቤታችን ትደግሳለች። የዚያን ዕለት የምታወጣው ድፎ ዳቦ ስሙ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ መውጫ የተጠራ ነበር። ከድፎው ሌላ ደግሞ መዳፍ የሚያህሉ ትናንሽ ክብ ዳቦዎች ጋግራ፣ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለሚቀመጡት ነዳያን ትልካለች። ይህን የምታደርገው ማንም አዝዟት አልነበረም፤ ከእናትዋ የወረሰችው የራስዋ ስእለት ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ቁርጥማት ጣቶችዋን ያዛቸው። መጀመሪያ መርፌ መያዝ ቀረ፤ ቀጥሎ የጠላ ጋን ማጠብ ቀረ፤ በመጨረሻም ሊጥ ማቡካት ቀረ። ዳቦ ከውጭ እየተገዛ መበላት ጀመረ።

በታኅሣሥ መጨረሻ የማኅበሩ ሙሴ ወደ ቤታችን መጡ። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን አለቃ ነው። የእኛው ሙሴ አቶ ወልዴ የሚባሉ፣ ሽሮ ሜዳ ጥበብ ሲጠልፉና ጋቢ ሲሸምኑ ያረጁ፣ ንግግራቸው እንደ ድር የተለካ ሰው ናቸው። ተቀመጡ፤ ጠላ ቀመሱ፤ ጕሮሯቸውን ጠረጉ።

«አስካለ፣ ማኅበርተኛው ስለ አንቺ ተጨንቋል» አሉ። «እጅሽ እስኪሻለው ድረስ የዘንድሮው ተራሽ ይለፍ ብለናል።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ አቶ ወልዴ። ማን ሞቶ ነው?»

«ኧረ ማንም አልሞተም።»

«እኔ እስከማውቀው በማኅበራችን ተራው የሚዘለለው የሞተ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ይኸው ፊትዎ ተቀምጫለሁ።»

አቶ ወልዴ ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ ወደ ጣራው ተመለከትሁ። ደህና አምሹ ብለው ወጡ።

እርሳቸው ከወጡ በኋላ ባለቤቴ እጆችዋን በነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ፣ «አየህ» አለችኝ፤ «ዘንድሮ ተራዬ ይዘለላል። ከርሞ ስሜ ይዘለላል። ከዚያ ወዲያ 'አስካለ የምትባል ሴት ነበረች' ይሉኛል። ይህን ድፎ በገዛ እጄ አቡክቼ አወጣለሁ። ሊጡ የኔ ድርሻ ነው፤ አንተ አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ፣ ጥሩ ዱቄት አምጣልኝ። የደከመ እጅ የደከመ ዱቄት ሊያነሣ አይችልም።»

እንግዲህ ጕዳዩ ይህ ነበር። ድፎው ከፍ ካለ እርስዋም በማኅበርተኞችዋ መካከል ከፍ ብላ ትቀመጣለች። ድፎው ከወደቀ ግን አቶ ወልዴ በመልካም ቃል ያመጡትን ነገር ማንም ከዚያ በኋላ አይመልሰውም።

እኔ ስለ ዱቄት የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ስንዴ በግእዝ ሥርናይ እንደሚባል፣ ዱቄቱ ሐሪፅ፣ የላመው ደግሞ ስንዳሌ እንደሚባል ስንት ደቀ መዝሙር አስተምሬአለሁ። የአንድን ነገር ስም በሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ራሱን ያወቀ ይመስለዋል። ይህ የተማርን ሰዎች ሁሉ ደዌ ነው።

በመጀመሪያ የሄድሁት ወደ ቀበሌያችን የኅብረት ሱቅ ነበር። ሻጩ ጨዋ ሰው ነው፤ ነገር ግን ዘመኑ የሚጠይቀውንም የእናቱንም አስተዳደግ በአንድነት ሊጠብቅ ስለሚፈልግ «ጓድ የኔታ» ብሎ ይጠራኛል። እነዚህ ሁለት ቃላት ከእርሱ አፍ በቀር በሌላ በማንም አፍ ተገናኝተው አያውቁም።

«ጓድ የኔታ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ዱቄቱ ምን ዐይነት ነው ልጄ?»

«የራሽን ዱቄት ነው።»

«ማለቴ፣ ከምን እህል የተፈጨ ነው?»

«እሱን የበላይ አካል ነው የሚያውቀው።»

እፍኝ ሙሉ ዘግኜ ወደ ብርሃን አወጣሁት። ዱቄቱ በመዳፌ ላይ ቀስ ብሎ ወደ ክርኔ መጓዝ ጀመረ። ነቀዙ ጤናማና ደንበኛ ነቀዝ ነበር፤ ሲያዩት ከኛ የተሻለ ራሽን እንደሚያገኝ ያስታውቃል። አመስግኜ በክብር መለስሁት።

ከዚያ ወደ ሸምሱ ሱቅ ወረድሁ። ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፤ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ዐሥር ዓመት በዳቦ ቤት እሳት ፊት ቆሞ ኖሯል። በሃይማኖት ብንለያይም የጾሙን ሰዓት እርስ በርሳችን የምንጠያየቅ ጎረቤቶች ነን። ከመጋረጃው ኋላ አንድ ከረጢት ፉርኖ ዱቄት ነበረው። እንደ ጥጥ የነጣ ነው። እጄን ስዘረጋ ከረጢቱን ወደ ኋላ ሳበው።

«እርስዎ ይህን አይግዙ፣ የኔታ።»

«ስለምን? ነጭ አይደለም?»

«ነጭ ነው። ያረጀም ነው። ሽማግሌ ሁሉ ፀጉሩ ነጭ ነው፤ ነገር ግን ሸክም አያነሣም።»

እኔ ጥምጥሜን ነካ አደረግሁ። እርሱ ሳቀና ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ከዚያም የዳቦ ቤት ትምህርቱን ይገልጥልኝ ጀመር። ዱቄት ሁሉ አንድ አይደለም አለኝ። ለትልቁ ድፎ ጅማት ያለው፣ ሲቦካ የሚሳብና የማይበጠስ ዱቄት ያሻል። ለትናንሾቹ ዳቦዎች ግን ለስለስ ያለው ይሻላል፤ ጅማታሙ እነርሱን ሲያኝኩ ያስቸግራል። ደህና የተፈጨ ዱቄት በጭብጥ ሲጨበጥ የጣት ቅርጽ ይይዛል፤ ጣት ሲነካው ደግሞ ይፈርሳል። የስንዴውን ጅማት ለማወቅ ደግሞ ጥሬውን ማኘክ ነው፤ እንደ ማስቲካ ከሆነ ይግዙት፣ በአፍ ውስጥ ከሟሟ ይተዉት።

«ዱቄት የሚገዛ ሰው የሚያምነው ሻጩን ነው» አለ ሸምሱ፤ «ስንዴ የሚገዛ ሰው ግን ጥርሱን ያምናል። ስንዴ ይግዙ፤ ሲፈጭም ቆመው ይዩ።»

ይህን ቃል በልቤ ጽፌ ያዝሁት። ሲፈጭ ቆሜ ማየቱንም አልተውሁም። ቆሜ ነው የተታለልሁት።

በማግስቱ ከሱሉልታ በአህያ ጭነው በእንጦጦ በኩል የሚወርዱት ገበሬዎች ወደሚያራግፉበት ገበያ ሄድሁ። ስንዴ በየስልቻው አፍ ላይ ቆሞ ነበር። ከአንዱ አንሥቼ አኘክሁ፤ ሟሟ። ከሌላው አኘክሁ፤ ከጥርሴ ተጣበቀ። ከሦስተኛው አኘክሁ። የሸምሱ ትምህርት እጅግ ስለ ጣመኝ ወደ ሰባተኛው ስልቻ ስደርስ አንዲት ገበሬ ሴት ወገብዋን ይዛ ተመለከተችኝ።

«አባቴ፣ ሊገዙ ነው ወይስ ምሳዎ ነው?» አለችኝ።

ምሳ ስትለኝ ነው ቀኑ ትዝ ያለኝ። ረቡዕ ነበር። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጥምጥም የጠመጠምሁ መሪጌታ፣ በጾም ቀን በገበያ መካከል ስንዴ እየቆረጠምሁ ቆሜአለሁ። አፌ ውስጥ ያለውን ተፋሁት። ቀድሞ የዋጥሁትን ግን ምን ላድርገው? «ያልዋጥሁት አይቈጠርም፤ የዋጥሁትም ለመመርመር እንጂ ለመብላት አይደለም» ብዬ በልቤ ክርክር ገጠምሁ። ክርክሩን አሸነፍሁ፤ ሆኖም ወደ ቤቴ ስመለስ ዐርባ ስግደት ሰገድሁ። በክርክር ያሸነፈ ሰው ለምን እንደሚሰግድ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የማስቲካውን ስንዴ ገዛሁ። ለትናንሾቹ ዳቦዎች ለስላሳውን አልፈለግሁም፤ ጥርሴ ሁለት ዐይነት ምርመራ የሚችል አልነበረምና። ባለቤቴ ያንኑ ዕለት እስኪመሽ ድረስ በሰፌድ ላይ ለቀመችው። በእነዚያ ባበጡ ጣቶች ጠጠሩንና እንክርዳዱን አንድ በአንድ ስታወጣ እያየሁ፣ «ልርዳሽ» ብላት፣ «ዐይንህ ከጠጠር ስንዴ አይለይም፤ አንተ ድርሻህን ጠብቅ» አለችኝ። ሐሙስ ማለዳ አሸችው፤ አጠበችው፤ በፀሐይ አሰጣችው። ሌላ ስንዴ የለንም፤ ሌላም የምንገዛበት ጊዜ የለም። ጥር ማርያም ቅዳሜ ነው።

ዓርብ ጠዋት ስንዴውን ተሸክሜ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድሁ። ይህ ወፍጮ ቤት ሁለት ወፍጮ አለው፤ አንደኛው ለእህል፣ ሁለተኛው ለበርበሬና ለሽሮ። ፈጪው ቶሎሳ ይባላል፤ ከእንጦጦ ወዲያ ካለው አገር የመጣ፣ ቅንድቡ ዘወትር በዱቄት የነጣ፣ ጥቂት የሚናገር ጐልማሳ ነው።

ስገባ ዐሥራ አንድ ሴቶች ከነስልቻቸው ተሰልፈዋል። እንዳዩኝ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከሁሉ ፊት የነበረችው ደርባባ ሴት ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳችኝ።

«የኔታ፣ ይቅደሙ» አለችኝ።

«ኧረ ተራችሁን ልጆቼ። እኔ ኋላ የመጣሁ ነኝ።»

«የእግዚአብሔር ሰው ቆሞ እኛ ልንቀድም? ነውር አይደል?»

«አንቺስ?» አልሁ ወደ ሁለተኛዋ ዞሬ።

«እኔ አልቸኩልም፣ የኔታ።»

«አንቺስ ልጄ?»

«እኔ ቤት የሚጠብቀኝ የለም፣ አባቴ። ይቅደሙ።»

ዐሥራ አንዱም አልቸኮሉም። በወፍጮ ቤት ስለ ተራ ጠላት ሆነው የቀሩ እኅትማማቾችን አውቃለሁ። የማይቸኩል ሰው ግን በወፍጮ ቤት አይቼ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ በአንድ ጊዜ ዐሥራ አንድ አየሁ። ደግሞም ልብ ብዬ ስመለከታቸው የአብዛኞቹ ዐይን ዕንባ ሞልቶታል። አንዳንዶቹም አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ልቤ ተነካ። ዘመኑ የቄስ ጥምጥም የሚቀለድበት፣ በውይይት ክበብ የእግዚአብሔር ስም በጥያቄ ምልክት የሚጠራበት ዘመን ነው። በዚህ ሁሉ መካከል የጉለሌ እናቶች አንድ ሽማግሌ ሲያዩ በዕንባ ቀድመው ይለፉ ይላሉ። ስለዚህ ከመቅደሜ በፊት ጥቂት ቃል ተናገርኋቸው። ስለ ትሕትና ተናገርሁ፤ የመጀመሪያውን ስፍራ ለሌላ የሚለቅ ሰው ዋጋው ታላቅ እንደ ሆነ ተናገርሁ። አለቀሱ። አንዲቱማ ፊትዋን ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አለቀሰች። ዛሬ ሳስበው ትስቅ ነበር።

ቶሎሳ ብቻ ስንዴዬን ሊቀበል አልወደደም።

«የኔታ፣ ትንሽ ቢቆዩ ይሻላል» አለኝ። «አንድ ሰው ትንሽ እህል ያስገባና፣ ከዚያ እርስዎ...»

«አንተ ቶሎሳ፣ ለሽማግሌ ክብር የለህም?» አለች ደርባባዋ ሴት።

እኔም በጣም አዘንሁበት። «ልጄ ቶሎሳ፣ እነዚህ እናቶች የሚያደርጉትን አታይም? ዘመኑ አንተንም ነካህ ማለት ነው?»

«ዘመኑ ሳይሆን ድንጋዩ ነው፣ የኔታ።»

ድንጋይ ያለው እኔን መሰለኝ። ስለዚህ ዐይኔን ከእርሱ አንሥቼ ወደ ወፍጮው አፍ አመለከትሁት። «ቶሌ» አለ፤ በአገሩ ቋንቋ እሺ ማለቱ ነው። ስንዴውንም ገለበጠው። በዚያ ቤት ከነበርነው ሰዎች ሁሉ እውነቱን ሊነግረኝ የሞከረ እርሱ ብቻ ነበር፤ የተገሠጸም እርሱ ብቻ ነው።

ሸምሱ እንዳዘዘኝ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ዱቄቱ ግን በጨርቅ ጕሮሮ በኩል በቀጥታ ወደ ስልቻው ስለሚገባ ሲወርድ አይታይም። ስልቻው ሲሞላ ከላዩ ጨበጥ አደረግሁ። የጣቴን ቅርጽ ያዘ፤ ሲነካ ፈረሰ፤ እንደ በረዶ ነጭ ነው። ሴቶቹን መረቅኋቸው። እነርሱም በደስታ ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ፤ አሁን ሁሉም የሚቸኩሉ ይመስሉ ነበር። በመንገድ ላይ ሰባት ጊዜ አስነጠሰኝ። የእንጦጦ ነፋስ ነው አልሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ እርሾ ልትቀበል ጎረቤት ሄዳለች። ዱቄቱን ስትመጣ ተዘርግቶ አይታ እንድትደሰት ብዬ በትልቁ ገበታ ላይ ገለበጥሁት። ነጩ ወረደ፤ ነጩ ወረደ፤ በመጨረሻ ከስልቻው ሥር የነበረው፣ ማለትም ከወፍጮው መጀመሪያ የወጣው፣ በነጩ ክምር ላይ አረፈ። ቀይ ነበር። በምላሴ ነካሁት። ከዚያ በኋላ የሴቶቹን ዕንባ ምክንያት ለማወቅ ትርጓሜ አላስፈለገኝም። ኋላ እንዳረጋገጥሁት፣ የበርበሬው ወፍጮ ተበላሽቶ ሁሉም በአንዱ ወፍጮ ሲፈጭ ኖሯል። እኔ ከመድረሴ በፊት ለሠርግ የሚሆን በርበሬ በዚያው ድንጋይ አልፏል፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚገባው እህል ድንጋዩን ይጠርጋል። ጥርጊያው እኔ ነበርሁ።

እስካሁን ያለው የሴቶቹ ጥፋት ነው ብላችሁ ልታዝኑልኝ ትችላላችሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የራሴ ነው። ቀዩ ከላይ ነበር፤ በእጄ ገፈፍ አድርጌ ባነሣው ኖሮ ከታች ያለው ንጹሕ ነው። እኔ ግን ደነገጥሁ። የደነገጠ ሰው ጥፋቱን አያስወግድም፤ ይሸፍነዋል። ሁለት እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ቀዩን ከነጩ ጋር አዋሐድሁት፤ አማሰልሁት፤ ገለባበጥሁት። ዐይኔና አፍንጫዬ እየፈሰሰ ቀዩ እስኪጠፋ ድረስ ደከምሁ። ጠፋም። ዱቄቱ ሁሉ የንጋት ሰማይ የሚመስል ሮዛማ መልክ ያዘ።

ባለቤቴ ገባች። ቆማ ተመለከተችው።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቀላው?»

«የስንዴው ጠባይ ነው። ቀይ ስንዴ አለ ይባላል።»

«እኔ የለቀምሁት ነጭ ነበር።» ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች። ከዚያም፣ «እርስዎ፣ ከማን ቀጥለው ነው ያስፈጩት?» አለችኝ።

ማወቅ ያለባችሁ ነገር ቢኖር፣ የሰው ሚስት ስትቆጣ ታቃልላለች፤ የኔዋ ስትቆጣ ታከብራለች። «እርስዎ» ካለችኝ ቤቱን ለቅቄ ብወጣ ይሻለኛል።

ሁሉን ነገርኋት። ይቅደሙ መባሌን፣ ዕንባቸውን፣ የተናገርሁትን ስብከት፣ የቶሎሳን ድንጋይ፣ ማማሰሌንም ጭምር አልሸሸግሁም።

«ነጩን ለይተው ቢተዉት ኖሮ ለድፎውም ለትናንሾቹም ይበቃን ነበር» አለች።

«አሁን ገብቶኛል።»

«በወፍጮ ቤት ይቅደሙ ሲባል ሰው ምን ቀድሞኝ ገባ ብሎ ይጠይቃል። ይህን ሕፃን ያውቃል።»

«ሕፃናቱን የማስተምር እኔ ነኝ፤ ይህን ግን ማንም አላስተማረኝም።»

በአውድማ ላይ በሬ እንደሚነዳ ሰው ገበታውን ዞረችው። ወንፊት አመጣሁና ነፋነው፤ በርበሬው ከዱቄቱ ይልቅ የላመ ስለ ነበር ቀድሞ አለፈ። ወንፊቱ ላይ የቀረው የእኛ ማስነጠስ ብቻ ነው። ወደ ኅብረት ሱቁ ልሩጥ ብል፣ ነቀዙን አይቼ የመለስሁት የወሩ ድርሻችን ለሌላ ተሰጥቷል። የሸምሱን አሮጌ ዱቄት ላምጣ ብል፣ «የማያነሣ ዱቄት ከማመጣ የሚያቃጥል ይሻለኛል» አለች። ተቀመጠች። እጆችዋን ጕልበትዋ ላይ ዘርግታ ብዙ ጊዜ ተመለከተቻቸው። እኔ እንድታለቅስ ጠበቅሁ። እርስዋ ግን እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች።

«ውኃ ሞቅ አድርግልኝ» አለች። 'ያድርጉልኝ' አላለችም።

ያን ከሰዓት በኋላ ያየሁትን በቃል ለማስቀመጥ ይቸግረኛል። ጣቶችዋ ስለማይታጠፉ በመዳፍዋ ተረከዝ ገፋችው፤ ስትደክም በክርንዋ ገፋችው። ሊጡ እየተሳበ፣ እየተመለሰ፣ እንደ ሸምሱ ቃል ጅማቱን አሳየ። ልርዳሽ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት፤ ሁለት ጊዜም በዐይንዋ መለሰችኝ። በመካከል ቆም ብላ፣ «ሊጡ እጄን አሞቀው» አለች፤ «ለካ ለቁርጥማት የሚሆነውን መድኃኒት ነው ያስፈጨህልኝ።» ይህን ስትል ፊትዋን ወደ ግድግዳው መለሰች። ስቃ ይሁን አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ትናንሾቹ ዳቦዎች ቀድመው ወጡ። በነጠላ ጠቅልዬ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወሰድኋቸው፤ ምን እንደሚከተል ስለማላውቅም ሰጥቼ ቶሎ ልሄድ አሰብሁ። ከነዳያኑ መካከል አንድ ዐይነ ስውር አረጋዊ አለ። ገመጠ፤ አኘከ፤ ቆመ። ደግሞ አኘከ። ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ዳቦውን ከነወጡ ለሰጠኝ ሰው፣ እግዚአብሔር መንግሥቱን ከነወንበሩ ይስጠው» አለ። ሌሎቹም አሜን አሉ። ከምሥጋናው ይልቅ ያሳሰበኝ ወጡ መታወቁ ነው።

ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኞቹ ተሰበሰቡ። ድፎው በኮባ ቅጠሉ ላይ ተቀምጦ ከመካከላቸው ገባ። እውነቱን ለመናገር፣ በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ከፍ ብሎ አይቼው አላውቅም። መልኩ የፀሐይ መግቢያ ይመስላል። ጸሎት እንዳደርስ ተጠየቅሁ። አደረስሁ። ሲያልቅ ሌላ ጨመርሁ። ከዚያም ስለ ሙታን፣ ስለ መንገደኞች፣ ስለ ዝናም፣ በመጨረሻም ስለ ዓሣዎች ሳይቀር ለመንሁ።

«የኔታ» አሉ አቶ ወልዴ በለሆሳስ፣ «ዳቦው ይቀዘቅዛል።»

ቢቀዘቅዝ ያቃጥል ይሆን ብዬ እያሰብሁ ሳለሁ ባለቤቴ ተነሣች።

«ማኅበርተኞች» አለች፣ «ዳቦው ሳይቆረስ የምነግራችሁ አለኝ። በርበሬ አለበት። ከወፍጮ ቤት ይዞት የመጣ ነው፤ ሌላ ስንዴ ስላልነበረኝ አቡክቼዋለሁ። ተራዬ እንዲዘለል የላካችሁብኝ እጄ ደክሟል ብላችሁ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ በምላሳችሁ ሳይሆን በእጃችሁ ፍረዱኝ። ዳስሱት።»

እርስዋ እንደ ቆመች ነበረች፤ እጆችዋን በነጠላዋ አልሸፈነቻቸውም። አቶ ወልዴ ተጠጉና ጋቢ እንደሚመርጥ ሰው በሁለት ጣታቸው ድፎውን ጫን አደረጉት። ሲለቅቁት ቀስ ብሎ ተመለሰ። እንደ ገና ጫኑት። ተመለሰ። ቢላዋውን አንሥተው በመስቀል ምልክት ቆረሱት፤ ውስጡን ወደ ብርሃን አዙረው የሽመና ድር እንደሚቈጥር ሰው ተመለከቱት። ከዚያ ጐረሱ።

ፊታቸው ቀላ። ጥቂት አሳላቸው። ጠላ ተቀበሉ።

«ያቃጥላል» አሉ።

«ነግሬዎት ነበር» አለች።

«ያቃጥላል፤ ግን ድርና ማጉ ሙሉ ነው። ይህን ያቦካ እጅ አልደከመም። የደከመው ወፍጮ ቤት የሄደው ነው።»

ሁሉም በአንድነት ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያም ሳቁ ተነሣ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ጠላ ጠራ። ዳቦው ግን ከቅጠሉ ላይ አንድ ቍራሽ ሳይቀር አለቀ። አንደኛዋ ማኅበርተኛ ለሁለት ሳምንት ይዞኝ የነበረ ጉንፋን ለቀቀኝ አለች። ከመሄዳቸው በፊት አቶ ወልዴ የጥር ተራ የአስካለ እንደ ሆነ፣ ማንም ዳግመኛ እንዳያነሣው ተናገሩ። እኔንም በበሩ ላይ ትከሻዬን ይዘው፣ «የኔታ፣ ከዛሬ በኋላ ወፍጮ ቤት ገብተው ሁሉም በአንድ አፍ ይቅደሙ ካሉዎት፣ መርቀዋቸው ይመለሱ» አሉኝ።

ቤቱ ባዶ ሲሆን ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ባለቤቴ በመደቡ ላይ ተቀመጠችና ሁለት እጆችዋን ወደ እኔ ዘረጋች። ለብ ያለ ውኃ አምጥቼ አፈሰስሁላት።

«ደክሞኛል» አለች።

ከክረምት ጀምሮ ይህን ቃል አፍዋ አላወጣውም። ተራዋ ሳይጸና ደክሞኛል ማለት አትችልም ነበርና። ጋቢ አለበስኋት፤ ወዲያውም እንቅልፍ ወሰዳት። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ገበታውን አጠብሁ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ስንዴህን እግዚአብሔር ከነቀዝ፣ ወፍጮህንም ከሌላው ሰው በርበሬ ይጠብቅልህ። ሊጥሽ ይነሣልሽ፤ የሚያቦካው እጅሽ አይድከም፤ ሲደክምም ውኃ የሚያፈስልሽ አይጥፋ። በቤታችሁ የተቀመጠው ሁሉ ተራው ሳይዘለል፣ ስሙም ሳይረሳ፣ ከአንድ ገበታ በሰላም ቈርሳችሁ ለመብላት ያብቃችሁ። አሜን።